የበር ቁጥርና የአይሮፕላን መቆሚያ
የአሶሳን በረራ በሲሙሌተር በትክክል ስለ ማሳየት

መግቢያ

የበረራ ሲሙሌተር ማለት ከመሬት ሳይነሡ የአይሮፕላንን አነዳድ ለመለማመድ የሚያስችል መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1929 የሠራው መለማመጃ በአየር ግፊት የሚወዛወዝ ትንሽ ሣጥን ነበረ። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን የሚያሠለጥንባቸው ሲሙሌተሮች ግን የአብራሪውን ክፍል ከነመሣሪያው በሙሉ የሚመስሉ ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል በአገር ውስጥ መስመሮች የሚያገለግለው የኪው 400 አይሮፕላን ሲሙሌተር ይገኛል። ከዚህም ሌላ ማንኛውም ተማሪ በኮምፒዩተሩ ላይ ሊጭናቸው የሚችል እንደ ኤክስ-ፕሌን፣ እንደ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርና በነፃ እንደሚገኘው ፍላይትጊር ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። ይህ አጭር ጥናት የሚመለከተው እነዚህን የኋለኞቹን ነው።

እነዚህ ፕሮግራሞች የአየሩን ጠባይ፣ የተራራውን ከፍታና የሞተሩን ኃይል በሚያስደንቅ አኳኋን ያሳያሉ። የሚሳሳቱት ብዙውን ጊዜ በትንሹ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም አይሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊትና ካረፈ በኋላ በሚቆምበት ስፍራ ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ በረራ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በዚያ ስፍራ ነው። መነሻው ከተሳሳተ አይሮፕላኑ ወደ ማኰብኰቢያው የሚሄድበት መንገድ፣ ከመቈጣጠሪያ ማማው የሚሰጠው ትእዛዝና የሚዞርበት አቅጣጫ ሁሉ አብሮ ይሳሳታል።

ወደዚህ ጥናት ያመጣኝ የራሴ ስሕተት መሆኑን ልሸሽግ አልፈልግም። የአሶሳ ልጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ ለዕረፍት ወደ ቤቴ የተጓዝሁበትን የመሳፈሪያ ካርድ አስቀምጬ፣ በላዩ የታተመውን የበር ቁጥር በኮምፒዩተሬ ላይ የአይሮፕላኑ መነሻ አድርጌ አስገባሁት። አይሮፕላኑም ከሕንፃው ጋር ተጠግቶ ቆመልኝ። ይህን ያየ አብሮኝ የተጓዘ የክፍል ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «በአውቶቡስ የሄድነውን ረሳኸው? ካርዱ የነገረህ አንተ የምትወጣበትን በር ነው እንጂ አይሮፕላኑ የቆመበትን ስፍራ አይደለም» አለኝ። ልክ ነበር።

የአሶሳው ወገን ደግሞ የባሰ ሆኖ አገኘሁት። ከአንድ ፕሮግራም ጋር የመጣው የአሶሳ አየር ማረፊያ ከሕንፃው እስከ አይሮፕላኑ በር የተዘረጋ መተላለፊያ ድልድይ ነበረው። በአሶሳ እንዲህ ያለ ድልድይ የለም። ይህንንም በሚገባ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ አያቴን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የወሰድኋት በዚያ ሜዳ በእግሯ እያስኬድሁ ነው። አያቴ በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ በመኪና ተጭና አሶሳ የገባች ናት፤ በአይሮፕላን ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው የአዲስ አበባ መንገድ፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሽና በምዕራብ ወለጋ በተነሣው ግጭት ምክንያት እየተዘጋ ሰው ያስቸግር ስለ ነበር፣ ለታመመ ሰው የቀረው መንገድ አየር ብቻ ነበር። ከሕንፃው በር እስከ አይሮፕላኑ ደረጃ ድረስ ክንዴን ይዛ፣ ሁለት ጊዜ ቆማ እየተነፈሰች ሄደች። አንዲት የአየር መንገዱ ሠራተኛ «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ ትቶዎት አይሄድም» እያለች አጽናናቻት። እንግዲህ በኮምፒዩተሩ ላይ ያ ርቀት በድልድይ ተሸፍኖ ባየሁ ጊዜ፣ እውነተኛውን ፈልጎ መጻፍ ለእኛ ለአገሩ ልጆች የተተወ ሥራ ነው ብዬ አሰብሁ።

፩. በርና መቆሚያ ሁለት ናቸው

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። በር የምንለው መንገደኛው ካርዱን አሳይቶ ከመቆያው አዳራሽ የሚወጣበት ነው። ቁጥሩም የሕንፃው ቁጥር ነው። መቆሚያ የምንለው ግን በሜዳው ላይ፣ ሠራተኞቹ ራምፕ በሚሉት በዚያ ንጣፍ ላይ፣ አይሮፕላኑ የፊት ጎማውን አስተካክሎ የሚቆምበት ነጥብ ነው። ቁጥሩም የሜዳው ቁጥር ነው።

ሁለቱ አንድ የሚሆኑት መቆሚያው ከሕንፃው ጋር በመተላለፊያ ድልድይ ሲገናኝ ነው። በቦሌ አየር ማረፊያ ዓለም አቀፍ መንገደኞች በሚስተናገዱበት በሁለተኛው ተርሚናል ይህ ይገኛል፤ ይህ ተርሚናል በ1995 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ ማስፋፊያው በጥር 2011 ዓ.ም. ተመርቋል። ድልድይ በሌለበት ግን ከአንድ በር የወጡ መንገደኞች ዛሬ ወደ አንዱ መቆሚያ፣ ነገ ወደ ሌላው ሊወሰዱ ይችላሉ። በሩ ሳይለወጥ መቆሚያው ይለወጣል፤ እንዲሁም መቆሚያው ሳይለወጥ በሩ ሊለወጥ ይችላል።

የሲሙሌተሩ ፕሮግራም የሚጠይቀው መቆሚያውን ነው። ሕዝብ በቀላሉ የሚያገኘው ደግሞ የበሩን ቁጥር ነው። የብዙ ተለማማጆች ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው። እንደ ፍራንክፈርትና እንደ አትላንታ ባሉ ታላላቅ አየር ማረፊያዎች ብዙ በረራዎች በድልድይ ስለሚሳፈሩ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚወጣውን በር ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መቆሚያውንም አገኘ ማለት ነው። ያንኑ ዘዴ ወደ እኛ አገር የውስጥ በረራ ያመጣ ግን እንደ እኔ ይሳሳታል።

፪. መቆሚያ እንዴት ይመደባል?

መቆሚያ የሚመደበው እንደ ዕጣ አይደለም፤ ደንብ አለው። ደንቡን ያወቀ ሰው የተሟላ መረጃ ባያገኝ እንኳ የማይሆነውን ከሚሆነው ሊለይ ይችላል።

አንደኛው ነገር የአይሮፕላኑ ስፋት ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ማለት ኢካኦ፣ አይሮፕላኖችን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ባለው ስፋት በፊደል ይለያቸዋል። ከ24 ሜትር ጀምሮ 36 ሜትር የማይሞላው «ሲ» ይባላል፤ ከ36 እስከ 52 «ዲ»፣ ከ52 እስከ 65 «ኢ»፣ ከዚያም እስከ 80 ሜትር ያለው «ኤፍ» ይባላል። የኪው 400 ስፋት 28.4 ሜትር ስለ ሆነ «ሲ» ነው። የቦይንግ 737-800 ስፋት 35.8 ሜትር ሆኖ እርሱም «ሲ» ነው። ቦይንግ 787-8 ግን 60.1 ሜትር ስለሚሰፋ «ኢ» ነው። ለ«ሲ» የተሠራ መቆሚያ ለ«ኢ» አይበቃም፤ ለ«ኢ» የተሠራውን ደግሞ ለትንሹ አይሮፕላን መስጠት፣ ትርፍ ስፍራ ከሌለ በቀር፣ ብክነት ነው።

ሁለተኛው የበረራው ዓይነት ነው። የአገር ውስጥ መንገደኛና ከውጭ የመጣ መንገደኛ በፓስፖርትና በጉምሩክ ምክንያት መቀላቀል የለባቸውም። ስለዚህ የአሶሳው አይሮፕላን በቦሌ የሚቆመው የአገር ውስጥ ተርሚናል በሚያገለግለው ወገን ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። አንዱ አይሮፕላን ሳይነሣ ሌላው በስፍራው ሊቆም አይችልምና፣ መዳቢው ሠራተኛ የመድረሻንና የመነሻን ሰዓት አስተያይቶ ያከፋፍላል። አንዱ በረራ ሲዘገይ የሌሎቹም መቆሚያ ይዛወራል። ስለዚህም «የአሶሳ በረራ መቆሚያ ይህ ነው» ብሎ በአንድ ቀን ምልከታ መደምደም አይገባም፤ «ብዙ ጊዜ በዚህ ረድፍ ይቆማል» ማለት ግን ይቻላል።

አራተኛው የአይሮፕላኑ አወጣጥ ነው። አፍንጫውን ወደ ሕንፃው አድርጎ የቆመ አይሮፕላን ለመውጣት ወደ ኋላ የሚገፋው መኪና ያስፈልገዋል። ጎኑን ሰጥቶ ወይም ፊቱን ወደ መውጫው አድርጎ የቆመ ግን በራሱ ኃይል ዞሮ ሊሄድ ይችላል። በሲሙሌተር ላይ ይህ ልዩነት ወዲያው ይታያል፤ አቅጣጫው ከተሳሳተ ተለማማጁ የሌለ መኪና ሲጠብቅ ይኖራል።

፫. መረጃው የት ይገኛል?

ምንጮቹን እንደ ታማኝነታቸው በአራት ከፍዬ አቀርባለሁ።

ሀ. ኦፊሴላዊው ጽሑፍ። እያንዳንዱ አገር ስለ አየር ማረፊያዎቹ ለአብራሪዎች የሚያወጣው ኤ.አይ.ፒ. የሚባል መጽሐፍ አለ። በአገራችን የሚያወጣው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚህ መጽሐፍ የማኰብኰቢያው ርዝመትና አቅጣጫ፣ የታክሲ መንገዶቹ ስም፣ የታላላቆቹ ማረፊያዎች መቆሚያዎችም ቁጥርና ሥፍራ ይገኛል። ይህ መጽሐፍ መቆሚያዎቹ የት እንዳሉ ይነግረናል፤ በየቀኑ ማን እንደሚቆምባቸው ግን አይነግረንም። ያንን የሚወስነው ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው ወገን ነው፤ የኤርፖርቶች ድርጅትም ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአየር መንገዱ ግሩፕ ሥር ሆኗል።

ለ. ከአየር ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ። እንደ ጉግል ኧርዝ ባሉ ፕሮግራሞች የሚታየው የሳተላይት ምስል በሜዳው ላይ የተቀባውን ቢጫ መስመርና የፊት ጎማው የሚቆምበትን ምልክት ያሳያል። መስመሩ ባይታይ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚቆምበት ስፍራ በዘይትና በጎማ ጥላሸት ይታወቃል። ምስሉ የተነሣበትን ዓመት መመልከት ግን ግዴታ ነው። የቦሌ የአገር ውስጥ ተርሚናል በ2017 ዓ.ም. ተስፋፍቶ ስለ ተመረቀ፣ ከዚያ በፊት የተመዘገበ የበርና የመቆሚያ ቁጥር ሁሉ እንደ ገና ሳይመረመር ሊወሰድ አይገባውም።

ሐ. አይሮፕላኑ ራሱ የሚናገረው። የዛሬ አይሮፕላኖች ኤ.ዲ.ኤስ.-ቢ. በሚባል መሣሪያ ያሉበትን ስፍራ በራዲዮ ያሰራጫሉ። በአየር ላይ ሳሉ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል፣ በመሬት ላይ ቆመው ሳሉ ደግሞ በየአምስት ሴኮንዱ ያህል ይናገራሉ። እያንዳንዱ አይሮፕላን የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች መለያ በ040 ይጀምራል። ይህን ራዲዮ በየቤታቸው ጣሪያ ላይ በተከሉት አንቴና የሚቀበሉ ሰዎች ተባብረው የዓለምን በረራ በካርታ ላይ ያሳያሉ።

መ. ዓይንና ጆሮ። ይኸውም የተጓዘ ሰው ትዝታ፣ የራሱ ማስታወሻና የሠራተኞች ቃል ነው። ሳይንስ ያልሆነ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጥሎ እንደማሳየው በአሶሳ ከሁሉ የሚበልጠው ምንጭ ይህ ሆኖ ተገኝቷል።

፬. የራዲዮው ወሰን በአሶሳ

በመጀመሪያ ኤ.ዲ.ኤስ.-ቢ. ሁሉንም ይፈታልኛል ብዬ ነበር። የአይሮፕላኑ ቦታ በጥቂት ሜትር ስሕተት የሚታወቅ ከሆነ ከአንዱ መቆሚያ ሌላውን መለየት አያስቸግርም። ሒሳቡም ይህን ይደግፋል። የኢካኦ ደንብ ለ«ሲ» መደብ በአይሮፕላኑና በጎረቤቱ መካከል ቢያንስ 4.5 ሜትር ክፍተት እንዲኖር ያዛል። ሁለት ኪው 400 ጎን ለጎን ቢቆሙ ከአንዱ መካከል እስከ ሌላው መካከል ያለው ርቀት 28.4 ሲደመር 4.5፣ ማለት 33 ሜትር ያህል ይሆናል። የቦታው ስሕተት ከዚህ እኩሌታ፣ ከ16 ሜትር፣ እስካልበለጠ ድረስ የትኛው መቆሚያ እንደ ሆነ ይታወቃል። ቦታውን ስንጽፍ ግን መጠንቀቅ አለብን። በዲግሪ አራት አኃዝ ከነጥብ በኋላ ብንጽፍ የመጨረሻው አኃዝ 11 ሜትር ያህል ነው፤ አምስት አኃዝ ብንጽፍ 1 ሜትር ያህል ይሆናል። በሴኮንድ ብቻ ያለ ክፍልፋይ የጻፈ ሰው ግን አንዷ ሴኮንድ በኬክሮስ 31 ሜትር ስለ ሆነች መቆሚያውን ሊያምታታ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ራዲዮውን የሚሰማ ሲኖር ነው። ራዲዮው እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የምድር ክብነት ይጋርደዋል። በሜዳማ አገር የሚደርስበትን ርቀት በኪሎ ሜትር ለማግኘት የከፍታውን ዳግም ዘር፣ ማለት ስኩዌር ሩቱን፣ በ4.12 እናባዛለን፤ ይህንኑ ለተቀባዩ አንቴና አድርገን ሁለቱን እንደምራለን። ኪው 400 እስከ 7,620 ሜትር ከፍታ ይበራል። የአሶሳ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,560 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ አይሮፕላኑ ከሜዳው በላይ 6,000 ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። እንግዲህ የ6,000 ዳግም ዘር በ4.12 ሲባዛ 319 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ተቀባዩ በ10 ሜትር ጣሪያ ላይ ቢሆን 13 ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል። ድምሩ 332 ኪሎ ሜትር ነው።

ከቦሌ እስከ አሶሳ ማረፊያ ያለው ቀጥተኛ ርቀት 475 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተተከለ አንቴና አይሮፕላኑ በከፍተኛው ከፍታው ላይ ሳለ እንኳ አሶሳ ድረስ ሊከተለው አይችልም። ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ደግሞ ይብሳል። መሬት ላይ ሲቆም የአንቴናውን ከፍታ 4 ሜትር ብንወስድ፣ ድምሩ 21 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ይህም ኮረብታና ሕንፃ ካልጋረደው ነው። በአጭሩ፣ የአሶሳን መቆሚያ በራዲዮ ለማወቅ አንቴናው በአሶሳ ከተማ ውስጥ ወይም በአቅራቢያዋ መተከል አለበት። ከሳተላይት ላይ የሚቀበሉ ድርጅቶችም አሉ፤ ነገር ግን መረጃቸውን የሚሸጡት ለአየር መንገዶችና ለመቈጣጠሪያ መሥሪያ ቤቶች ነው እንጂ እንደ እኛ ላለው ተማሪ አይደለም።

በኮምፒዩተር ካርታ ላይ የአሶሳ በረራ አንዳንድ ጊዜ በሰማይ መካከል የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አይሮፕላኑ አልጠፋም፤ የሚሰማው ጠፋ እንጂ።

፭. በሜዳው ላይ የተገኘው

ራዲዮው ካልረዳኝ በዓይኔ ላይ ብል ብዬ በዕረፍት ጊዜ ወደ ማረፊያው ሄድሁ። በአጥሩ አጠገብ ቆሜ በማስታወሻ ደብተሬ ስጽፍ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጠራኝ። «አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለኝ። ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ታዲያ ለምን ገብተህ አትጠይቅም? የሚጠይቅ ሰው አይጠረጠርም፤ ቆሞ የሚያይ ነው የሚጠረጠር» አለኝ። ይህ ምክር ከአንድ የምርምር ዘዴ መጽሐፍ የማይተናነስ ሆኖ አገኘሁት። ከትምህርት ቤት ያጻፍሁትን ደብዳቤ ይዤ በሌላ ቀን ገብቼ ጠየቅሁ፤ ሊነገር የሚገባውንም በደግነት ነገሩኝ።

ያየሁትና የሰማሁት በአጭሩ ይህ ነው። በአሶሳ መስመር የተለመደው አይሮፕላን ኪው 400 ነው። ይህ አይሮፕላን የፊት ግራ በሩ ሲከፈት ራሱ ወደ ታች ተዘርግቶ ደረጃ ይሆናል። እንግዲህ ድልድይም ሆነ ተሽከርካሪ ደረጃ የግድ አያስፈልገውም፤ ለትንንሽ ማረፊያዎች ተስማሚ ያደረገውም አንዱ ነገር ይህ ነው። አይሮፕላኑ ከተርሚናሉ ፊት ለፊት ባለው ራምፕ ላይ ይቆማል። ፕሮፔለሮቹ ከቆሙ በኋላ መንገደኞቹ ወርደው በእግራቸው ወደ ሕንፃው ይሄዳሉ። ቀጥሎም የሚሄዱት በዚያው መንገድ ይመጣሉ። የሚቆምበትን ነጥብ በእጅ ምልክት እየመራ የሚያሳየው የሜዳ ሠራተኛ ነው። ሌላ አይሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር ቀድሞ ከቆመ ነጥቡ ፈቀቅ ይላል።

ከዚህ የምንረዳው በአሶሳ «የስንተኛው በር?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የሌለው መሆኑን ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ከሕንፃው በምን ያህል ርቀት፣ አፍንጫውን ወዴት አድርጎ ይቆማል? መንገደኛውስ በየትኛው በኩል ይመጣል?» የሚለው ነው። ቁጥር በሌለበት ቁጥር መስጠት መረጃ ማሟላት ሊመስል ይችላል፤ በእውነቱ ግን ማሳሳት ነው።

፮. ወደ ፕሮግራሙ ስለ ማስገባት

ያገኘነውን ለሌላው እንዲጠቅም አድርገን ማስገባት እንችላለን። በኤክስ-ፕሌን ላይ የእያንዳንዱ ማረፊያ መግለጫ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በውስጡ ለእያንዳንዱ መቆሚያ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር፣ የአይሮፕላኑ አቅጣጫ፣ የመቆሚያው ዓይነት፣ የሚቆሙበት አይሮፕላኖች ዓይነት፣ የስፋቱ ፊደልና የአየር መንገዱ ሦስት ፊደል መለያ ይጻፋል። ለዓይነቱ ከተሰጡት ምርጫዎች አንዱ ከሕንፃ ጋር የተያያዘ በር ሲሆን ሌላው በሜዳ ላይ የሚቆምበት ስፍራ ነው። ለአሶሳ የሚገባው ሁለተኛው ነው። የስፋቱ ፊደል «ሲ» ይሁን፤ የአይሮፕላኑም ዓይነት በተርባይን ኃይል ፕሮፔለር የሚያሽከረክረው ይሁን። ፍላይትጊርም የዚህ ተመሳሳይ ፋይል አለው፤ ያም የመቆሚያውን ስፋት በሜትርና ወደ ማኰብኰቢያው የሚያደርሱትን መንገዶች ይጨምራል። ሁለቱም ከማናቸውም ተለማማጅ የተላከ እርማት ይቀበላሉ። ስለዚህ በአንድ ተማሪ የተሠራ ትክክለኛ የአሶሳ ፋይል በሌላ አገር ላለ ሰው ኮምፒዩተር ሊደርስ ይችላል፤ በአንድ ተማሪ የተሠራ ስሕተትም እንዲሁ።

ስለዚህም እያንዳንዱን ምልከታ በሚከተለው አኳኋን እንድንመዘግብ አሳስባለሁ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የበረራው ቁጥር፣ የአይሮፕላኑ ዓይነት፣ በካርዱ ላይ የታተመው በር፣ አይሮፕላኑ በእውነት የቆመበት ስፍራ፣ የአፍንጫው አቅጣጫ፣ በመጨረሻም እንዴት እንደ ታወቀ። ይህ የመጨረሻው ከሦስት ቃላት አንዱ ይሁን፤ «የታየ»፣ «የተነገረ» ወይም «የተገመተ»። የተገመተውን እንደ ታየ አድርጎ መጻፍ ጥናትን ከሥሩ ያበላሻል።

ስለ ሰዓት አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በበረራ መከታተያ ካርታዎች ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በመሳፈሪያ ካርዱ ላይ የሚታተመው የአዲስ አበባ ሰዓት በፈረንጅ አቈጣጠር ነው፤ የአሶሳ ሰው የሚነግረን ደግሞ በእኛ አቈጣጠር ነው። ለምሳሌ ያህል ዓለም አቀፉ ሰዓት 6 ሲሆን ካርዱ 9 ይላል፤ እኛም ከጧቱ 3 ሰዓት እንላለን። ሦስቱን ያልለየ መዝጋቢ አንዱን በረራ ሦስት አድርጎ ይቈጥረዋል። ቀኑንም በሁለቱም የዘመን አቈጣጠር መጻፍ ይገባል።

ሌላው ጥንቃቄ የጸጥታ ነው። ክልላችን በመተከልም በካማሽም ብዙ መከራ ያየ ነው። የአየር ማረፊያ ጠባቂ ደብተርና ካሜራ የያዘ ወጣት ሲያይ ቢጠይቅ አያስገርምም። ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም። ሲሙሌተሩ የሚፈልገው ዘወትር የሚሆነውን እንጂ ዛሬ የሆነውን ስላልሆነ፣ ምልከታን ከጊዜ በኋላ አጠቃሎ ማቅረብ ይሻላል፤ ከማረፊያው የግል ሁኔታ፣ ከጥበቃውና ከመንግሥት አይሮፕላኖች መራቅም ተገቢ ነው።

መደምደሚያ

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሞከርሁት አንድ ነገር ነው። የበር ቁጥር መንገደኛውን ይመራል፤ አይሮፕላኑ የት እንደ ቆመ ግን አይመሰክርም። ታላላቆቹ ማረፊያዎች ሁለቱን አንድ ስላደረጓቸው ልዩነቱ ተረስቷል፤ እንደ አሶሳ ያሉት ግን ያስታውሱናል። በእነርሱ ዘንድ በመጽሐፍና በራዲዮ የማይገኘው ነገር በቦታው ሄዶ በማየትና በመጠየቅ ይገኛል።

ጋምቤላን፣ ደምቢዶሎን፣ ጂንካን ወይም ሌላውን የአገራችንን ማረፊያ የሚያውቁ ጓደኞቼ በሚቀጥለው ዕረፍት ይህንኑ ቢሞክሩ፣ መምህራኖቻችንም የሒሳቡንና የአመዘጋገቡን ጕድለት ቢያርሙልኝ እጅግ ደስ ይለኛል። በአሶሳ አንቴና ለመትከል የሚሻ ቢገኝ እኔም አብሬው ጣሪያ ላይ እወጣለሁ።

አያቴ ዛሬ በጤና አለች። ያስተካከልሁትን የአሶሳ ማረፊያ በኮምፒዩተሬ ላይ ባሳየኋት ጊዜ፣ ከሕንፃው በር እስከ አይሮፕላኑ ደረጃ ድረስ በጣቷ ለካችና፣ «አዎ፣ ይህን ነው የሄድሁት፤ እንዲያውም ያንጊዜ ከዚህ ይርቅ ነበር» አለችኝ። የእርሷንም ቃል «የተነገረ» ብዬ መዝግቤዋለሁ።